ውኃ የሰው መብት ነው ወይስ የባለ ርስት?

ናይሮቢ የሚለው ስም ከማሳዮች ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው «ቀዝቃዛ ውኃ» ማለት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ ወደ ዑጋንዳ የሚዘልቀውን የምድር ባቡር ሲያሠራ፣ ሐዲዱ በ1899 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከዚያ ረግረጋማ ሜዳ በደረሰ ጊዜ መሐንዲሶቹ ሰፈራቸውን በዚያ የተከሉት፣ ወደ ደጋው የሚያወጣው ዳገት ከመጀመሩ በፊት ለሰውም ለባቡሩም የሚበቃ ውኃ የሚገኝበት ሜዳ ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ከተማይቱን የወለዳት ውኃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርባት በዚችው ከተማ፣ ጎሕ ሳይቀድ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው በየቦኖው ደጃፍ የሚሰለፉት ሴቶችና ልጆች ብዛት ለዓይን ይከብዳል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለናይሮቢ የተነገረ ይመስላል።

ይህ ጥም ሕግ ባለመኖሩ የመጣ አይደለም። እንዲያውም በአፍሪካ ውስጥ ስለ ውኃ ግልጽ ቃል ከተናገሩት ሕገ መንግሥቶች አንዱ የኬንያው ነው። በ27 ኦገስት 2010 የታወጀው ይህ ሕገ መንግሥት በ43ኛው አንቀጽ፣ ጤናን፣ መጠለያን፣ ምግብንና ትምህርትን በዘረዘረበት በዚያው ሥፍራ፣ እያንዳንዱ ሰው ንጹሕና ለጤና የማያሰጋ ውኃ በበቂ መጠን የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቃላቱን አንድ በአንድ መመልከት ይገባል፤ የሕግ ቃል እንደ መንገደኛ ጨዋታ በግምት የሚታለፍ አይደለምና። «ንጹሕ» ሲል ቀለሙ የጠራ ነገር ግን ፍሳሽ የገባበት ውኃ አይቈጠርም ማለቱ ነው። «በበቂ መጠን» ሲል አንድ ጀሪካን ለስድስት ነፍስ አይበቃም ማለቱ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን «እያንዳንዱ ሰው» የሚለው ነው። እያንዳንዱ ዜጋ አላለም፤ እያንዳንዱ ባለ ርስት አላለም፤ እያንዳንዱ ግብር ከፋይም አላለም። ስዋሂሊ በኬንያ ከእንግሊዝኛው ጋር እኩል የመንግሥት ቋንቋ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በዚያም ቋንቋ መብት የሚባለው «ሃኪ» ነው። ቃሉ ከዓረብኛው «ሐቅ» የመጣ ስለ ሆነ የባሕር ዳር ሰው ሳይተረጐምለት ያውቀዋል። በስዋሂሊ ይህ አንድ ቃል መብትንም ፍትሕንም ይይዛል፤ ይህን የመሰለ ቃል ያለው ቋንቋ የታደለ ነው።

የቀኑ ነገር ደግሞ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በ28 ጁላይ 2010 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላይ ጉባኤ፣ ቦሊቪያ መርታ ባቀረበችው ሐሳብ መሠረት፣ ንጹሕ ውኃና የአካባቢ ንጽሕና የሰው ልጅ መብት መሆናቸውን በ122 ድምፅ ተቀበለ። የተቃወመ አንድም መንግሥት አልነበረም፤ 41 መንግሥታት ግን ድምፃቸውን ከመስጠት ታቀቡ። ከታቀቡትም መካከል ታላቋ ብሪታንያና አሜሪካ ይገኙበታል፤ ኬንያና ኢትዮጵያም ይገኙበታል። የኬንያ ልዑካን በኒው ዮርክ ዝም ባሉ በሳምንቱ፣ በ4 ኦገስት፣ የኬንያ ሕዝብ በየመንደሩ ተሰልፎ ይህንኑ መብት የያዘውን ሕገ መንግሥት ከመቶ 67 በሚሆን ድምፅ አጸደቀ። ልዑካኑ ሊመሰክሩለት ያልደፈሩትን ነገር ሕዝቡ የአገር ሕግ አደረገው ማለት ነው። ለዲፕሎማቶች ጥንቃቄ ምክንያት አይታጣም፤ ነገር ግን በሰባት ቀን ልዩነት እንዲህ ያለ ተቃራኒ ምስክርነት ከአንድ አገር ሲወጣ ማየት የተለመደ አይደለም።

እነሆ መብቱ ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ጥያቄ፣ ይህን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው የሚል ነው። መብት ባለበት ባለ ዕዳ መኖሩ ግድ ነው። በአበሻ አገር ጥንት አንዱ ሌላውን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ባቆመው ጊዜ፣ የቆመው ሰው ስምና ፊት ያለው፣ ነጠላው ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ሊሄድ የሚችል ሰው ነበር። በማታሬ ሸለቆ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የምትኖር እናት «በሕግ አምላክ» ልትል ብትነሣ የማንን ነጠላ ትይዛለች? የውኃ ሚኒስቴር ፖሊሲ ያወጣል። ግድብና ታላላቅ ቦይ የሚያሠራው የአቲ የውኃ ሥራዎች ልማት ድርጅት የሚባለው ነው። በሕገ መንግሥቱ አራተኛ ሠንጠረዥ የውኃና የፍሳሽ አገልግሎት ለካውንቲዎች የተሰጠ ስለ ሆነ የናይሮቢ ካውንቲም ኀላፊ ነው። ውኃውን የሚያከፋፍለውና ሒሳቡን የሚሰበስበው በ2003 የተቋቋመው የናይሮቢ ከተማ የውኃና የፍሳሽ ኩባንያ ነው። ዋጋውን የሚያጸድቀው ደግሞ ሌላ፣ የውኃ አገልግሎት ተቈጣጣሪው ቦርድ ነው። አምስቱም በሕግ የቆሙ ናቸው፤ ሁሉም የየራሱን ድርሻ አሳምሮ ያስረዳል። ባለ ጀሪካኗ ግን ከአምስቱ ደጆች በየትኛው እንደምትቆም የሚነግራት አላገኘችም።

ይሁን እንጂ የቢሮዎቹ መብዛት ብቻውን የነገሩን ሥር አያሳይም። ሥሩ መሬት ነው።

ለረጅም ዘመን የናይሮቢ አስተዳዳሪዎች አስተሳሰብ ይህ ነበረ፦ ኪቤራ፣ ማታሬና ሙኩሩን የመሳሰሉት ሰፈሮች ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ለተሠራ ቤት ቧንቧ ማስገባት ሕገ ወጡን ማጽደቅ ነው፤ ስለዚህ ቧንቧው በሰፈሩ ጠርዝ ላይ ይቁም። በአዲስ አበባ በሌሊት ተሠርቶ የሚያድረውን ቤት «የጨረቃ ቤት» ይሉታል፤ የኬንያ ሹማምንት ይህን ስም ባያውቁትም ሐሳቡን ያውቁታል። ካርታ የሌለው ቤት በፕላኑ ላይ የለም፤ በፕላኑ ላይ የሌለ ቤት ደግሞ ቈጣሪ አይገባለትም። በዚህ አኳኋን ሕገ መንግሥቱ «እያንዳንዱ ሰው» ያለው ቃል ወደ ውኃ ቢሮ ሲደርስ በዝምታ «እያንዳንዱ ባለ ካርታ» ተብሎ ይተረጐማል። ይህን ትርጕም ማንም ፓርላማ አላወጣውም፤ ማንም ዳኛ አልፈረመበትም፤ ነገር ግን ከተጻፈው ሕግ ይልቅ ሲሠራበት ኖሯል።

የኪቤራ ታሪክ ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል ፍርደ ገምድል እንደ ሆነ ያሳያል። ኪቤራን የመሠረቱት በእንግሊዝ ንጉሥ የአፍሪካ ተኳሾች ጦር ውስጥ ያገለገሉ ከሱዳን የመጡ የኑባ ወታደሮች ናቸው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቅኝ ገዢው መንግሥት ለአገልግሎታቸው ዋጋ በዚያ ጫካ እንዲሰፍሩ ፈቀደላቸው፤ የሰፈሩ ስምም በቋንቋቸው ጫካ ማለት ነው። የርስት ወረቀት ግን አልሰጣቸውም። በመንግሥት መሬት ላይ እስከ ተፈቀደላቸው ድረስ ብቻ የሚኖሩ ሰዎች ተደርገው ተቈጠሩ። ነፃነት በ1963 መጣ፤ ወረቀቱ ግን አልመጣም። የኑባው ማኅበረ ሰብ የ288 ኤከር መሬት የርስት ማስረጃ የተቀበለው በ2017 ነው፤ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ ማለት ነው። ውኃ የርስት ወረቀትን ይጠብቅ የሚል ሰው፣ አንድ ሕፃን መቶ ዓመት ተጠምቶ ይቈይ እንደ ማለት መሆኑን ልብ ሊል ይገባዋል። ያውም ይህ ወረቀት የደረሰው ለኑባዎቹ ነው፤ ከእነሱ በኋላ ከገጠር መጥተው በኪራይ የገቡት ብዙዎቹ ዛሬም ከወረቀቱ ውጪ ናቸው።

ከኪቤራ ግርጌ ደግሞ የናይሮቢ ግድብ የሚባለው ኩሬ አለ። በ1953 የተሠራው በድርቅ ጊዜ ለከተማው የመጠጥ ውኃ መጠባበቂያ እንዲሆን ነበረ። ዛሬ እምቦጭ የሸፈነውና የፍሳሽ መውረጃ የሆነ ሥፍራ ነው። ለሰፈሩ ንጹሕ ውኃ ማስገቢያና ፍሳሽ ማስወጫ ሳይሠራ ሲቀር፣ ቆሻሻው በቁልቁለቱ ወርዶ የከተማውን የራሱን መጠባበቂያ በላው። ድኃውን ከቧንቧ መከልከል ለባለ ጸጋው ገንዘብ ያተርፋል ለሚል ሁሉ ይህ ኩሬ በቂ መልስ ነው። ኮሌራም አጥር አያከብርም፤ በ2017 ናይሮቢ ሲገባ በአንድ ትልቅ ሆቴል በስብሰባ ላይ የነበሩ ሰዎችን ጭምር ነበር ያስታመመው።

ቧንቧ በሰፈሩ ጠርዝ ላይ በመቆሙ ሰው ውኃ መጠጣቱን አልተወም፤ የሚጠጣውን በውድ ዋጋ መግዛት ጀመረ እንጂ። ከዋናው ቧንቧ በሌሊት ቀጥለው፣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በፍሳሽ ቦይ ውስጥ እየሳቡ ውኃ የሚሸጡ ሰዎች ተነሡ። ቱቦው በተቀደደበት ሥፍራ፣ በተለይም የውኃው ግፊት በጠፋ ሰዓት፣ ፍሳሹ ወደ ውስጥ ይሳባል። ሒሳቡን ማንም ልጅ ሊያወጣው ይችላል፤ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ባለ 20 ሊትሩ 50 ጀሪካን ነው። አንዱ ጀሪካን 5 ሽልንግ ቢሸጥ ሜትር ኩቡ 250 ሽልንግ ይሆናል፤ ውኃ በጠፋበት ሳምንት ደግሞ 5 ሽልንግ ጥሩ ዋጋ ነው። ኩባንያው ራሱ በ2015 በማታሬ ባቆማቸው በካርድ የሚከፈቱ የውኃ መሸጫ ማሽኖች ያንኑ ጀሪካን በ50 ሳንቲም ሸጦታል፤ ይህም ለሜትር ኩብ 25 ሽልንግ ነው። በአንድ ሰፈር ውስጥ ለአንድ ዓይነት ውኃ የዋጋው ልዩነት አሥር እጥፍ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምም በ2006 ባወጣው ዘገባ፣ የጃካርታ፣ የማኒላና የናይሮቢ ድኆች ለአንድ መጠን ውኃ በዚያው ከተማ ካሉ ባለ ጸጎች ከ5 እስከ 10 እጥፍ እንደሚከፍሉ፣ የሎንዶንና የኒው ዮርክ ሰው ከሚከፍለውም እንደሚበልጥ ገልጾ ነበር።

ከዚህ የሚታየው ነገር አለ። «ድኃ አይከፍልም» የሚለው የውኃ ቢሮዎች አሮጌ ምክንያት ውሸት ነው። ድኃው ሲከፍል ኖሯል፤ የከፈለው ግን ለኩባንያው ሳይሆን ለቱቦ ሰራቂው ነው። መብት ማለት ውኃ በነፃ ይሰጥ ማለት እንዳልሆነም የሕግ ሰዎች ደጋግመው አስረድተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ በ2002 ባወጣው 15ኛ አስተያየቱ የጠየቀው ውኃው በቂ፣ ለጤና የማያሰጋ፣ ተቀባይነት ያለው፣ ቅርብ፣ ዋጋውም የሚቻል እንዲሆን ነው። ኬንያም ይህ ኮሚቴ የሚጠብቀውን ቃል ኪዳን የተቀበለችው ገና በ1972 ነው።

ይህን የመሰለ ነገር ሲታሰብ የአስመራን ልጅ የሚያስገርመው ብዙ የለም። በኢጣልያ ዘመን የአስመራን ፕላን ያወጡት ሰዎች የአውሮፓውያኑንና የአገሬውን ሰፈር በመስመር ለይተው ነበርና፣ አባ ሻውልን የሚያውቅ አንባቢ የከተማ መስመር የሰው ዕድል መስመር ሊሆን እንደሚችል ሌላ ማስረጃ አይሻም። ምፅዋም ብትሆን በባሕር ተከባ የምትጠማ ደሴት ነበረች፤ በ1870ዎቹ ሙንዚንገር ፓሻ ከእምኩሉ ውኃ በቦይ እስኪያስመጣላት ድረስ። የናይሮቢም ፕላን እንዲሁ በዘር መስመር የተሣለ ነበር። የሚያሳዝነው መስመሩን የሣሉት ሰዎች ከሄዱ በኋላ መስመሩ መቅረቱ ነው።

ወደ ፍርድ ቤቱ ደጅ እንመለስ ቢባል፣ ተስፋም ትዕግሥትም የሚጠይቅ ታሪክ ይገኛል። በኖቬምበር 2011 በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የነበረው ሚቱምባ የሚባለው መንደር በግሬደር ፈረሰ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ነዋሪዎችም ሜዳ ላይ ቀሩ። ነዋሪዎቹ ሚቱ ቤል በሚባለው ማኅበራቸው ስም ከሰሱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2013 ፈረደላቸው፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 ፍርዱን ገለበጠው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በ11 ጃኑዋሪ 2021 የይግባኙን ፍርድ ሻረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከተናገረው ውስጥ ለውኃ ነገር የሚጠቅመው ይህ ነው፤ በመንግሥት መሬት ላይ ረጅም ጊዜ ሰፍረው ቤት የመሠረቱ ሰዎች የርስት ወረቀት ባይኖራቸውም በ43ኛው አንቀጽ የሚጠበቅ መብት ሊኖራቸው ይችላል፤ ፍርድ ቤትም መንግሥት ቀስ በቀስ የሚፈጽመውን ትእዛዝ ሰጥቶ አፈጻጸሙን መከታተል ይችላል። መጠለያና ውኃ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው። ካርታ የሌለው ሰው የመጠለያ መብት ካለው፣ የውኃ መብት የለውም የሚል ጠበቃ ክርክሩን ከየት እንደሚያመጣ ማየት ነው። ይህን ቃል ለማግኘት ግን የሚቱምባ ሰዎች ከዘጠኝ ዓመት በላይ ተመላልሰዋል።

ሁሉም ፍርድ ቤት እንዲህ አይደፍርም። በደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጽ በቂ ውኃ የማግኘት መብት ተጽፏል። በሶዌቶ ውስጥ ፊሪ በሚባለው ሰፈር የዮሐንስበርግ ከተማ አስቀድሞ ካልተከፈለው የሚዘጋ ቈጣሪ በተከለ ጊዜ፣ ነዋሪዎቹ ተከራከሩ። ከተማው በነፃ የሚሰጠው ለአንድ ቤት በወር 6,000 ሊትር ነበረ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በ2008 ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ይሰጥ አለ፤ የይግባኙ 42 አለ፤ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ግን በ2009 ሁለቱንም ሽሮ፣ ሊትር መቁጠር የዳኛ ሥራ አይደለም ሲል ለከተማው ፈረደ። ይህ ፍርድ ከሕግ ዐዋቂዎች ዘንድ ብዙ ነቀፌታ ደርሶበታል፤ ነቀፌታውም ተገቢ ይመስላል። ዳኛ ሊትር የማይቈጥር ከሆነ «በቂ» የሚለውን ቃል የሚለካው ማን ነው? የኬንያ ሕገ መንግሥት ጸሐፊዎች ይህን አደጋ አስቀድመው ያዩት ይመስላል። በ20ኛው አንቀጽ፣ መንግሥት ገንዘብ የለኝም ብሎ ቢከራከር ገንዘቡ አለመኖሩን የማስረዳት ሸክሙ በራሱ በመንግሥት ላይ ነው ብለዋል። መዝገቡን ይዞ መቅረብ ያለበት ባለ ሥልጣኑ ነው ማለት ነው። በብዙ አገር ይህ ሸክም በድኃው ጫንቃ ላይ ነውና፣ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ለጠበቆች ትልቅ ሀብት ናት።

ኩባንያው የሚያቀርበው ምክንያት ግን ከንቱ ብቻ አይደለም። ናይሮቢ በእውነት ውኃ ያንሳታል። አብዛኛው ውኃዋ የሚመጣው በ1994 ከተፈጸመውና 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ከሚይዘው ከንዳካይኒ ግድብ ነው። ዝናብ ሲቀር ግድቡ ይጎድላል፤ በ2017 መጀመሪያ ከተማው ውኃ በተራ እንዲሰጥ የተገደደውም ስለዚህ ነው። ከአበርዴር ተራሮች የሚወርዱትን ወንዞች ወደ ግድቡ የሚጠልፍ 11 ኪሎ ሜትር ከ800 ሜትር የሆነ የመሬት ውስጥ ቦይም ተቈፍሯል። የሙራንጋ ባላገሮች ወንዛችን ይደርቃል ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል፤ የከተማው ሰው መብት በገጠሬው ጥም ሊከፈል አይገባምና ክርክራቸው ሊናቅ የሚገባው አልነበረም። ነገር ግን እጥረት ሲኖር የሚታየው ማን ተራውን እንደሚያጣ ነው። ባለ ጸጋው በግቢው ጕድጓድ ያስቈፍራል፤ ካልሆነም ቦቴ ይጠራል። የከርሰ ምድሩ ውኃ በዚህ ምክንያት እየወረደ፣ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድንም እየበዛበት መምጣቱን ሊቃውንቱ ያስጠነቅቃሉ። ወደ ቧንቧ ከሚገባው ውኃም ከመቶ 40 የማያንሰው በአሮጌ ቱቦና በስርቆት ሒሳብ ሳይገባበት ይጠፋል። ይህን ያህል ውኃ እያፈሰሰ ስለ እጥረት የሚናገር መሥሪያ ቤት፣ ከሙራንጋ ወንዝ በፊት የራሱን ቧንቧ ቢጠግን ይሻል ነበር።

በጎ ሥራ አልተሠራም ማለትም ሐሰት ይሆናል። ኩባንያው ከጊዜ በኋላ ለእነዚህ ሰፈሮች የተለየ ክፍል አቋቁሟል። በካዮሌ ሶዌቶ ነዋሪው የቧንቧውን ማስገቢያ ዋጋ በባንክ ብድር ቀስ እያለ እንዲከፍል ተደርጎ፣ ቈጣሪውን ራሱ አንብቦ በስልኩ ሒሳቡን እንዲልክ ሆኗል፤ የዘዴው ስምም በስዋሂሊ «ቈጣሪህን ራስህ አንብብ» እንደ ማለት ነው። በኪቤራ ሾፍኮ የሚባለው የሰፈሩ ልጆች ማኅበር ቧንቧውን በምሰሶ ላይ ሰቅሎ በአየር አሳልፎታል፤ ሌባ እንዳይቈርጠው፣ ፍሳሽም እንዳይነካው። እነዚህ ሥራዎች አንድ ነገር አረጋግጠዋል፤ ያለ ካርታ ቧንቧ ማስገባት ይቻላል። እንግዲህ የማይቻለው ምን ነበር?

በ2020 የወረርሽኙ ዘመን መንግሥት ሕዝቡን እጃችሁን ታጠቡ ብሎ አዘዘ፤ በድኃ ሰፈሮችም ጕድጓድ አስቈፈረ። በዚያው በሜይ ወር፣ በካሪዮባንጊ ለፍሳሽ ማጣሪያ የተከለለ የውኃ ኩባንያው መሬት ነው በተባለው ሥፍራ የሰፈሩ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች፣ ፍርድ ቤት አግዶ ሳለ ቤታቸው ፈረሰ። ለእጅ መታጠቢያ ውኃ የሚያድል መንግሥትና በዝናብ ወራት ቤት የሚያፈርስ መንግሥት አንድ ነው፤ ለሁለቱም ሥራው መለያው ያው የመሬት ወረቀት ነበረ።

የኢትዮጵያም ሕገ መንግሥት ስለ ውኃ ዝም አላለም። በ1995 የጸናው ይህ ሕግ በ90ኛው አንቀጽ ንጹሕ ውኃን ያነሣል፤ ነገር ግን ያነሣው ከመብቶች ምዕራፍ ውስጥ ሳይሆን ከብሔራዊ ፖሊሲ ዓላማዎች ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ «የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» የሚል ልጓምም አስገብቶበታል። ዓላማ ምኞት ነው፤ ባለ ዕዳ የለውም፤ ማንም በዓላማ ከሶ አያውቅም። ሌላም ልዩነት አለ። የኢትዮጵያው አንቀጽ የሚናገረው ስለ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የኬንያው ስለ ሰው ነው። ይህ የቃል ልዩነት የሚታየው በናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ነው፤ በዚያ ከኢትዮጵያም ከኤርትራም የተሰደዱ ብዙ ሰዎች ከሶማሌው ነጋዴ ጋር ተጎራብተው ይኖራሉ፤ ቧንቧው ሲደርቅም እንደ ማንኛውም የናይሮቢ ሰው በቦቴና በጀሪካን ይገዛሉ። ዜግነት የላቸውም፤ የርስት ወረቀትማ ከቶ የላቸውም። የኬንያ ሕገ መንግሥት 43ኛ አንቀጽ ግን እነሱንም ያውቃቸዋል። በአዲስ አበባ ወይም በጋምቤላ ውስጥ የተጠለለው ኤርትራዊና ደቡብ ሱዳናዊ በ90ኛው አንቀጽ ውስጥ ስሙን ቢፈልግ አያገኘውም።

ለናይሮቢ የሚቀረው ሥራ ያን ያህል የተራቀቀ አይደለም። የካውንቲው ምክር ቤት፣ ቧንቧ ለማስገባት የርስት ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ እንዳይሆን በሕግ ቢደነግግ፣ በሰፈሩ መኖሩን ጎረቤት የሚመሰክርለት ሰው ቈጣሪ ቢፈቀድለት፣ ቈጣሪውም የመሬት ባለቤትነት ማስረጃ እንዳይሆን በዚያው ሕግ ቢጻፍ፣ መሬቱ ክርክሩን ለብቻው ይቀጥላል፤ ውኃው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ማመልከቻው በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ፣ ካላገኘም በየትኛው መሥሪያ ቤት ላይ ክስ እንደሚቀርብ ስሙ ተጠቅሶ ይጻፍ። በማታሬ ያለችው እናት ያን ጊዜ የማንን ነጠላ እንደምትይዝ ታውቃለች።